ጠጣ?

ቡችላ ሳለ ነው ስሙን ያወጣሁት፣
የሰው ጠብ በውሻ ያኔ ያሸከምሁት።
ከእታፈራሁ ጋራ ተጣልተን በአንድ ክንድ፣
በድንጋይ ካብ ሰበብ፣ በማትረባ ገመድ፣
«ምናገባሽ» አልሁት።
ማታ በጠራሁት ቁጥር እሷን ሰደብሁት።
«ምናገባሽ! ና! እንካ!» እያልሁ በጨለማ፣
ፍርፋሪው ለእሱ ነው፤ ስድቡ እሷ እንድትሰማ።

«ውሻዬ» እል ነበር። ምን ሰጥቼው ኖሯል?
የፋሲካ አጥንት ነው፤ ሌላውን ቀን ይጾማል።
የመሀል ሜዳ ውርጭ ጆሮ ሲቆራርጥ
እኔ ባና ለብሼ፣ እሱ ደጅ ሲንቀጠቀጥ፣
ሌሊት የት እንዳደረ ጠይቄ አላውቅም።
ጓሳ ድረስ ወጥቶ ቀይ ቀበሮ ቢገጥም፣
በገበያ ቀን ልኳንዳ ደጅ ቢቆም፣
«ውሻ ራሱን ያውቃል» ነው መልሴ ለጠየቀኝም።

ኅዳር ላይ ነው፤ ማታ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣
የእታፈራሁ ልጅ፣ ማንያዘዋል፣ ሲደርስ፣
ከካቡ ጥግ ዘሎ ባቱን ነከሰና
ሒሳብ ደብተሩ ላይ ደሙ ጠብ አለና
እናቱ መጣች።
ዱላ ይዛ ትመጣለች ብዬ ነበር።
ሱሪውን ነው የያዘችው፤ የተቀደደውን።
አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦
«ተከትቧል?»

ስንት ዓመት በካብ ላይ ያልደከመው አፌ
አንዲት «አዎ» አጣ፤ ቆምሁ በሬን ታቅፌ።

ደብረ ብርሃን ሄድን ገና በሌሊቱ፣
ልጁ መሀል ተኝቶ፣ እኔና እናቱ።
ሐኪሙ መርፌውን እያዘጋጀ አለን፦
«ውሻውን አትግደሉ፤ አሥር ቀን አስራችሁ ጠብቁልን።
ውሃ ከሸሸ፣ ለሃጩን ካዝረከረከ፣ ቶሎ ንገሩን።»

አሰርሁት። ራሴም አብሬው ታሰርሁ።
አንድ ጣሳ ውሃ ከፊቱ አስቀመጥሁ።
ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየሁ ያኔ፦
ቡናማ ነው። ግራው ጠባሳ አለው፤ የመታሁት እኔ።
ጎህ ሲቀድ ከካቡ ማዶ ድምፅዋ መጣ፦
«ጠጣ?»
«ጠጣ።»
ሌላ ቃል አልነበረም። በነጋታው ደግሞ
ውርጩ ጣሳው አፍ ላይ እንደ መስታወት ቆሞ
በክርኔ ሰበርሁት። አጎንብሶ ላሰ።
«ጠጣ?»
«ጠጣ።»
ኮቴዋ ራቀ፤ የእኔ ልብ ተመለሰ።

አራተኛው ቀን ላይ ፊቱን አዞረብኝ።
ጣሳውን አልነካም። ጉልበቴ ከዳኝ።
«ጠጣ?»
መዋሸት ይቻል ነበር፤ ካብ መሀላችን አለ።
«አልጠጣም» አልኋት።
ዝም አለች። ብዙ ዝም አለች።
ከዚያ ያንኑ የተጣላንበትን ድንጋይ ረግጣ ተሻገረች፤
በቅል ለብ ያለ ውሃ ይዛ ነበር።
ጣሳው ላይ ገለበጠችና በዱላ ጫፍ ገፋችለት፦
«በዚህ ብርድ እኔስ በረዶ እጠጣለሁ ወይ?»
ምላሱ ውሃውን ሲመታ
ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆጠርን፤
እሷ ለልጇ፣ እኔ ለማን እንደሆነ እንጃ።

አሥራ አንደኛው ቀን ክሊኒክ ወሰድሁት፣
በገበያው መሀል በገመድ እየሳብሁት።
ሰዉ ሳቀ፦ «አጥላባቸው ለውሻ ካርድ ሊያወጣ!»
ይሳቅ። ልጅ ባቱን ይዞ ሲያነክስ ሳቅ ከየት ይመጣ?

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እስክሪብቶውን አነሣ።
«ባለቤት?»
«እኔ።» ድሮም እኔ ነበርሁ፤ ቃሉን ግን ያን ቀን አወጣሁት።
«የውሻው ስም?»
አፈርሁ። ገመዱን እጄ ላይ ጠቀለልሁት።
ሌላ ስም ልሰጠው አስቤ ነበር፣ ከመንገድ ላይ፣
ግን በሹክሹክታ እንኳ ያንን ስም ሲሰማ
ጆሮውን ያቆማል፣ ጭራው ይወዛወዛል።
ስድብ መሆኑን ማን ነግሮት?
ለእሱ ምናገባሽ ማለት እራት ማለት ነው፤ ና ማለት ነው።
«ጻፈው፣ እንዳለ» አልሁ።

ካርዱ ከግብር ደረሰኝ ጋር ሳጥን ውስጥ ነው፤
ለከርሞ ታኅሣሥ ተቀጥሯል።
ማታ ግቢዬን ዘግቼ ስጠራው
ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ካቡን እንዳያልፍ።
ያልፋል መሰለኝ።
አንዳንዴ ከወዲያ ማዶ፣ ሳቅ በሚመስል ነገር፦
«ጠጣ?»